እሳት ያልነካው ወተት

ባለፈው ሳምንት ለሬዲዮዬ ባትሪ ልገዛ ወደ ገበያ ስወርድ፣ ከጎልቦ የመጣች ሎሪ ሰው ታራግፍ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት ቢጫ ጀሪካን አዝላ ወረደችና አጠገቤ አረፍ ብላ ክዳኑን ከፈት አደረገችው። እግሬ እዚያው ቆመ።

«ሙዜ፣ ማዚዋ ልቅዳልህ? የግመል ነው።» አለችኝ፤ በስዋሂሊው ሽማግሌው፣ ወተት ማለቷ ነው።

«የግመል መሆኑንማ አውቄያለሁ።»

«ሳትቀምሰው?»

«ሽታው ቀድሞሽ ነገረኝ።»

ሳቀች። ጀሪካኑ ፕላስቲክ ነው፤ ቢሆንም እንደ ድሮው ዕቃ በወይራ ፍም ታጥኗል። ወተትና ጭስ ሲጋቡ አንድ ሽታ አላቸው፣ ሌላ ነገር የማይሸተው። ባትሪውን ረሳሁትና ከሱቁ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እህቴ የተወለደችበት በጋ መጣብኝ።

ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቤታችን በሞያሌ፣ በኬንያው ወገን፣ ወደ ኦዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ድንበሩን ተሻግሮ ኮረብታው ላይ። አባቴ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነው። ከመንዝ ተነስቶ፣ በየከተማው እየሰፋ እየሰፋ እዚህ ደርሶ ቀረ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ የግመል አርቢውን የገብራውን ሽርጥ ይዘመዝማል፣ የቦረናውን ኩታ ይጠቅማል፣ ለፖሊሱ ቁምጣ ያጠብባል። የልብስ መለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም ነበር። ቅዳሴ ሲሄድ ብቻ ያወልቀዋል።

እንግዲህ በዚያ ዕድሜዬ ሰው ለምን የተለያየ እንደሆነ በደንብ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ወተት ነው። ገብራዎች የግመል ስለሚጠጡ ቀጥ ብለው አደጉ፣ አንገታቸውም ረዘመ። ቦረናዎች የላም ስለሚጠጡ ዓይናቸው ትልልቅ ሆነ። በመኪና እያለፈ አቧራ የሚያለብሰን ነጭ ሰውዬ የቆርቆሮ ወተት ስለሚጠጣ ነጣ፤ ባዶ ቆርቆሮውን ሲጥል በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ የፍየል ነበር የምንጠጣው። ለዚህ ይሆናል ገና ያልለየልን፣ እላለሁ፤ አባቴ ቀይ፣ እናቴ ጥቁር፣ እኔ ጠይም።

አይ የልጅ ነገር፣ ትሉኝ ይሆናል። አዋቂዎቹም ግን ከኔ ብዙ የራቁ አልነበሩም። እኔ ወተት ያልኩትን እነሱ አጥንት ይሉታል። «የእገሌ አጥንት እንዲህ ነው፣ የእነ እገሌ ዘር እንዲያ ነው» ሲሉ ይውላሉ። ሲጨንቃቸው ደግሞ ተመልሰው የኔው ወተት ላይ ይመጣሉ።

ያን ዓመት ዝናቡ ቀረ። ከብቱ ሁሉ ወደ ሩቅ ጉድጓድ ተነዳ። የሁለቱ ፍየሎቻችን ጡት እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠለጠለ። እህቴ በዚህ መካከል ተወለደች። ተወልዳ ሳምንት ሳይሞላት እናቴ አስካለ ወባ ያዛት፣ ጡቷም ደረቀ። የቆርቆሮውን ወተት አባቴ ፈልጎ አመጣ። እኔ በልቤ፣ አሁን ነጣች፣ አሁን ነጣች ብዬ ስጠብቅ፣ ጭራሽ አስመለሳትና ጠወለገች። ልቅሶዋ እየቀጠነ ሄደ። በመጨረሻ የድመት ግልገል ነበር የምትመስለው።

በአካባቢው ወተት ያላት ግመል ብቻ ነበረች።

«ግመል በዚህ ደጃፍ አይደርስም» አለ አባቴ። «ክርስቲያን ነን።»

«ልጅቷ ገና ክርስትና አልተነሳችም» አለች እናቴ፣ ከአልጋዋ።

«እኮ! ሳትነሳ ሌላ ሆና ትቅር? ጠባይ በወተት ነው የሚገባው፣ አስካለ። ዛሬ የግመል የጠጣች ልጅ ነገ የማን ልጅ ትባላለች?»

«አንተ የነገን አስብ፤ እኔ ለነገ መድረሷን ልይ።»

አባቴ ጣሳ አንጠልጥሎ የላም ወተት ፍለጋ ድንበሩን ተሻገረ፣ በወዲያኛው ወገን ዘመድ የመሰሉ ሰዎች ነበሩት።

እሱ እንደወጣ አኮ ታላሶ መጣች። አኮ ማለት በነሱ ቋንቋ አያት ነው። ገብራ ናት፤ ሰፈሯ ከኦዳ ወጣ ብሎ ነው፤ አባቴ ዘንድ ሽርጧን ታስዘመዝማለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሷ ሁሉ ያለ አሮጊት። መጀመሪያ አንቱ ብያት ዞር ዞር ብላ ኋላዋን አየችና «ስንት ሆኜ ታየሁህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት፤ ዛሬም አንቺ ብዬ ነው የማስታውሳት።

በረንዳው ላይ ቆመችና ጆሮዋን ጣለች።

«ሽርጤ ይቅር። ይሄ ልቅሶ የምንድነው?»

«የእህቴ ነው» አልኳት።

«የማን መሆኑን አልጠየቅኩህም። የርሃብ ነው።»

ዘው ብላ ገባች። በጎኗ ጎርፋ አንጠልጥላ ነበር፣ ከዛፍ ሥራሥር ተጎንጉኖ የሚሠራው የወተት ዕቃቸው። ክዳኑን ስትከፍተው ጭሱና ወተቱ ቤቱን ሞላው። እናቴ፣ ለሁለት ቀን ራሷን ያላነሳች፣ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«ወይራ ነው?» አለች።

«ታዲያ በምን ይታጠናል?»

«የእናቴ ዕቃ እንዲህ ነበር የሚሸተው» አለችና እንባዋ መጣ። ለምን እንደምታለቅስ አልገባኝም። ምናልባት ጭሱ ዓይኗን ነክቶት ይሆናል ብዬ በሩን ከፈትኩላት።

አኮ ጣቷን ወተቱ ውስጥ እየነከረች ታጠባት ጀመር። እህቴ የአሮጊቷን ጣት ይዛ አለቀቀችም። ከዚያ ተኛች፤ ልቅሶ አድክሟት ሳይሆን ጠግባ።

«ስሚኝ» አለች አኮ ለእናቴ። «ከግመሎቼ አንዷን ለዚህች ልጅ አድርጌያለሁ። ግመሏ የኔ ናት፣ ወተቷ የልጅቷ። በኛ ዘንድ ለራበው ወተት አይሸጥም። ይሄ ልጅሽ ጎህ ሲቀድ ይምጣ። አንድ ነገር ብቻ፣ እሳት አይንካው። ወተቱ ከተጣደ የግመሏ ጡት ይታመማል።»

ልትወጣ ስትል መሶብ ከፍታ አየችና እንጀራውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ይሄ ነገር ከምንድነው?»

«ከጤፍ» አልኳት።

«ጤፍ ሣር አይደለም?»

አሰብኩት። ሣር ነው።

«ዋቃ ያውቃል!» አለች፣ አምላኳን ጠርታ እየሳቀች። «ፍየል ሣሩን ትበላለች፣ እናንተ ደግሞ ፍየሏን ቀድማችሁ ሣሩን። ለዚህ ነው አጥንታችሁ ቀጭን የሆነው። ይህችን ልጅ ቶሎ ሣር እንዳታስለምዷት።» እህቴን ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤሌማ ብላ ጠራቻት።

የኔ ሥራ ተጀመረ። ጎህ ሳይቀድ ጎርፋውን አንግቼ በቀዝቃዛው አቧራ ላይ እሮጣለሁ። የአኮ የልጅ ልጅ ጉዮ ያልባል። በአንድ እግሩ ይቆምና ሌላውን አጥፎ ጉልበቱ ላይ ዕቃውን ያስደግፋል፤ ወተቱ ሲወርድ የዝናብ ድምፅ አለው፤ አረፋው ከዕቃው አፍ በላይ ይቆማል። ግመሏ ከላይ ሆና ታየኛለች፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ጉዮም የራሱ ጥያቄ ነበረው።

«እናንተ ጥሬ ሥጋ ስለምትበሉ ሌሊት ጥርሳችሁ ብቻውን ይጮሃል፣ እውነት ነው?»

«አዎ» አልኩት። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፤ እሱ ግመል ኖሮት እኔ ምንም ሳይኖረኝ መቅረቱን ግን አልወደድኩም። ከዚያ ወዲህ ጉዮ አጠገቤ ሲቀመጥ ትንሽ ራቅ ይል ነበር።

አባቴ ጣሳውን ግማሽ ሞልቶ ተመልሶ ነበርና፣ ልጅቷ የተሻላት በላም ወተት መሰለው። ጎርፋውን እናቴ ክዳኑን አጥብቃ ከአልጋዋ ሥር ታስቀምጠዋለች፣ ሽታውንም በዕጣን ትሸፍነዋለች። የጣሳው ወተት ካለቀ ሰንብቷል፤ እሱ በረንዳ ላይ ይሰፋል፣ ይህን የሴት ነገር አይጠይቅም። እኔ ደግሞ የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ኤሌማ መቼ ነው ገብራ የምትሆነው? በየቀኑ አያታለሁ። ፀጉሯ ለስለስ አለ፤ ጀመራት አልኩ። እግሯ ረዘመ፤ ይኸው አልኩ። ዋናው ግን አንገቷ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ለምሳ ገብቶ ሜትሩን አልጋው ራስጌ ጥሎት ሲታጠብ፣ አንስቼ የእህቴን አንገት ልለካ ጀመርኩ። ሕፃን ልጅ አንገት የላትም፤ አገጯን እያነሳሁ ስፈልግ አባቴ ደረሰ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«አንገቷን ልለካ።»

«ለምን?»

«ረዝሞ እንደሆነ ልይ።»

«አንገቷ ለምን ይረዝማል?»

ዓይኔ ከአልጋው ሥር ሄዶ ኖሯል፤ የሱም ተከትሎት ሄደ። ጎንበስ አለና አየ። ሳይነካው ቀና አለ። ሜትሩን ከእጄ ወስዶ አንገቱ ላይ አደረገና ለእናቴ «ልጄን ከእጄ አወጣችኋት» ብሎ ወጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለን ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ልነሳ ስል «ተኛ» አለኝ። ጣሳውን ይዞ ራሱ ሄደ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ልጅቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ዋለች። ልቅሶዋ እንደገና መቅጠን ጀመረ። አመሻሹ ላይ አባቴ ተመለሰ። ጣሳው ውስጥ አቧራ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀመጠ፤ የስፌት መኪናውን ጎማ በእጁ ያዞረዋል፣ ያቆመዋል፣ ያዞረዋል፣ ጨርቅ ሳይኖርበት።

በሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አንድ እጅ ትከሻዬን ነካኝ።

«ተነስ። አላቢው ልጅ ይጠብቅሃል» አለኝ አባቴ።

ጎርፋውን ግን አይነካም። ከመንገዱ ላይ ቢያገኘው ዞሮት ያልፋል። እህቴንም እንደ ድሮው አያቅፋትም ነበር፤ ከሩቅ ነው የሚያያት፣ ሰው የሠራውን ልብስ ልክ መሆን አለመሆኑን እንደሚያይ። አንድ ሌሊት ለእናቴ «የክርስትናዋ ቀን ቄሱ ምን ብለው ይጠይቁኝ ይሆን?» ሲላት ሰምቻለሁ። በዚያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ቄሱ ልጅቷን ገልጠው ሲያዩ ገብራ ሆና ያገኟትና ይመልሷታል ብዬ አሰብኩ። እኔም የለሰለሰ ጸጉሯን የገብራ እንዳይመስል ወደ ላይ ማበጠር ጀመርኩ።

እናቴ ብድግ ስትል ሌላ ጣጣ መጣ። ኤሌማ ሆዷን ቆረጣት መሰለኝ፣ እናቴ በአገሯ ልማድ ወተቱን ትንሽ ፈላ አድርጋ ሰጠቻት። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጉዮ ሲያልብ ወተቱ ከጎርፋው ግማሽ አልደረሰም። ግመሏም እግሯን አነሳችበት። ጉዮ ዞሮ ዓይኔን አየኝ።

«ጣዳችሁት እንዴ?»

«እናቴ ትንሽ ነው ያፈላችው» አልኩ። ጎርፋውን አንግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ከእኔ ቀድማ አኮ ታላሶ በረንዳችን ደርሳ ነበር። አባቴ ክር መርፌ ውስጥ ሊያስገባ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል።

«አንተ ሰፊ! ግመሌን ልትገድሉብኝ ነው? ወተቷን እሳት ላይ ጣዳችሁ!»

አባቴ እስከዚያ ቀን ስለዚያ ወተት አንድ ቃል ከሷ ጋር አልተነጋገረም። አሁን ግን፣ የታፈነ ሰው ነው እንግዲህ፣ መርፌውን አስቀመጠ።

«እኔ በቤቴ ባፈላው ግመሏ እዚያ ማዶ ቆማ በምን ታውቃለች? ዛፍ የምትበላ እንስሳ! ነገሩ ቅጠል በመድረቁ ነው። እናንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ከእሳት ጋር…»

«በምን ታውቃለች?» አለች አኮ። ወገቧን ያዘች። «እሺ። ልጅህ እዚህ ጎጆ ውስጥ አንድ ጉንጭ ወተት ብትጠጣ፣ አምላክህ እዚያ ላይ ሆኖ የላም ይሁን የግመል በምን ያውቃል?»

እናቴ ከበሩ ጀርባ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የአባቴን ፊት እያየሁ፣ አሁን ያባርራታል፣ ኤሌማም ታልቃለች ብዬ አሰብኩ።

ከአባቴ ሆድ አንድ ድምፅ ወጣ። ሳል መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ከዚያ በጋ መግቢያ ጀምሮ ያልሰማሁት ሳቅ።

«አየሽ አኮ» አለ፣ ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ እየጠረገ፣ «አንቺ ለግመልሽ እንደምትፈሪው ነው እኔም የፈራሁት።»

«ታዲያ እኔ ፈሪ መሆኔን ማን ካደ?» አለች። አጠገቡ ቁጭ አለች። «ወተቱን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት። ድንጋይ ላይ። ፀሐይ እሳት አይደለችም።»

«እሺ።»

«ሽርጤንስ?»

«ተዘምዝሟል» አለ።

የግመሏ ወተት ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመለሰ። አኮ እሳቱ ስለቆመ ነው አለች። አባቴ የግራሩ ቅጠል ስላቆጠቆጠ ነው አለ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ኖሩ።

የክርስትናው ቀን ደረሰ። ዝናቡ ሊጥል ሲያምረው ሞያሌ ጭጋግ ይለብሳል፤ ጎህ ሳይቀድ ድንበሩን ስንሻገር ፊታችን ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ ነበር የምናየው። አኮ ታላሶ ጎርፋውን ይዛ ከኋላ መጣች። «በመንገድ ቢርባትስ?» አለች፤ ማን ይከለክላታል? ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ከአጥሩ ውጭ ግራር ሥር ተቀመጠች። «እናንተ ግቡ። ቤቱ የናንተ ነው።»

እህቴ ስትጠመቅ ጮኸች፣ ቄሱም ገልጠው አዩዋት፣ ምንም አላሉም። እኔ ከዓምዱ ጎን ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ቅዳሴው አለቀ፤ ቁርባን ተቀብላ ነበርና ጥቂት ጠበቅን። ከዚያ በግቢው ውስጥ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ታለቅስ ጀመር።

«አሁን ጡት ስጧት እንጂ» አሉ ቄሱ።

የክርስትና እናቷ፣ ሌሎቹም ሴቶች፣ ሁሉም እናቴን አዩ። እናቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች አንገቷን ደፋች።

አባቴ ተነሳ። በጭጋጉ ውስጥ ወደ አጥሩ ሄደ። ሲመለስ ጎርፋውን በሁለት እጁ ይዞታል። ያን ዕቃ ሲነካ ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው። ጭሱ ቀድሞት ግቢው ውስጥ ገባ፤ ሽታውን የማያውቅ ሰው በሞያሌ የለም።

«የግመል ነው እንዴ?» አለች የክርስትና እናቷ፣ በቀስታ።

«የግመል ነው» አለ አባቴ። ለሷ ሳይሆን ለቄሱ። «አባ፣ ልጄ በዚህ ነው የቆመችው።»

ቄሱ ጎርፋውን አዩ፣ ልጅቷን አዩ። ሽማግሌ ነበሩ። እህቴ ከቅድሙ ጮክ ብላ አለቀሰች።

«ቀዝቅዞ እንዳይሆን» አሉ በመጨረሻ። «ሆዷን ይቆርጣታል። ቅመሰውና ስጣት።»

አባቴ ክዳኑን ከፈተ። አንድ ጉንጭ ጠጣ። ፊቱ እንደሚኮማተር ጠበቅሁ።

«ጨው ጨው ይላል» አለ። ከዚያ «ቀዝቅዟል።»

አንዷ ሴት «እሳት ቤቱ ውስጥ አለ፣ ላሙቀው» ብላ ተነሳች።

«እሳት እንዳይነካው!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ ውጭ በጭጋጉ ውስጥ መጣ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አባቴ ግን አልዞረም። ጋቢውን ገለጠ፣ ጎርፋውን ሸሚዙ ሥር ከሆዱ ጋር አጣበቀው፣ በጋቢው ጠቀለለውና ተቀመጠ። እዚያው እየተወዛወዘ፣ ዕቃውን ልጅ እንደሚያባብሉ አድርጎ ይዞ ጠበቀ። ቄሱም አጠገቡ ተቀመጡ። ለብ ሲል አወጣው፣ እህቴንም ራሱ ተቀብሎ ራሱ አጠጣት፤ ጠጥታ ክንዱ ላይ ተኛች። እስከ ቤት ድረስ ለማንም አልሰጣትም።

እኔ ከኋላው እየሄድኩ አንገቱን አያለሁ። አንድ ሙሉ ጉንጭ ነው የጠጣው። ማታ ላይ መቻል አቃተኝ።

«አባባ፣ አንገትህን ልለካው?»

ትንሽ አየኝና ሜትሩን አንስቶ ሰጠኝ፤ በርከክ አለልኝ። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ዘረጋሁት። ጋቢው ወይራና ወተት ይሸታል። ቁጥር ስለማላውቅ የደረሰበትን ቦታ በጥፍሬ ያዝኩ፣ እሱም በጠመኔ ምልክት አደረገልኝ።

ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ሜትሩን አመጣልኝ። ለካሁት። ጠመኔው ላይ ደረሰ፣ አላለፈም።

«እህ? ረዘመ?»

«አልረዘመም።»

«በል እንግዲህ» አለኝ፤ ጎርፋውን ራሱ ከምሰሶው አውርዶ ትከሻዬ ላይ አነገተልኝ፣ ማንገቻውንም ለኔ ልክ አድርጎ አሳጠረው። «ሩጥ፣ እየታለበች ነው።»